የቪዲዮ ጌም መሣሪያና የኤሌክትሪክ ቍጠባ

በኤሌክትሪክ የሚሠራ ዕቃ ለገዢው የሚያስወጣው ገንዘብ በመደብሩ በተለጠፈው ዋጋ ብቻ አይወሰንም፤ ከተሸጠም በኋላ በየወሩ በቆጣሪ እየተሰፈረ ይከፈላል። ይህ ጸሐፊ በሚሠራበት ንግድ ቤት ፕሌይስቴሽን ወይም ኤክስቦክስ ሊገዛ የሚመጣ ደንበኛ አስቀድሞ የሚጠይቀው ስለ ዋጋው፥ ቀጥሎም ስለ ጨዋታዎቹ ነው። ምን ያህል ኤሌክትሪክ እንደሚወስድ የሚጠይቅ ግን እምብዛም አይገኝም። ስለዚህ አስመጪውና ባለሱቁ ነገሩን ቀድመው ሊያውቁት ይገባል።

ጉዳዩ ቀላል አለመሆኑን በአሜሪካን አገር የተደረገ ጥናት ያስረዳል። በዚያ የሚገኝ አንድ የተፈጥሮ ሀብት ጥበቃ ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2008 ባወጣው መግለጫ፥ በአገሩ ያሉት የጌም መሣሪያዎች በዓመት 16 ቢሊዮን ኪሎዋት ሰዓት ያህል እንደሚወስዱ ገምቶ ነበር። ይህም የሳንዲያጎ ከተማ በዓመት ከምትጠቀምበት ጋር የሚቀራረብ ነው። ለዚህም አንዱ ትልቅ ምክንያት ማንም ሳይጫወትባቸው ተከፍተው መቅረታቸው ነበር።

ኤሌክትሪክን የመቈጠቡ ሥራ በሁለት መንገድ ተከናውኗል። የመጀመሪያው የመሣሪያውን አንጎል፥ ማለት ቺፑን፥ ማሻሻል ነው። በቺፑ ውስጥ ያሉት ረቂቅ ማብሪያ ማጥፊያዎች ባነሱ መጠን ያንኑ ሥራ በጥቂት ኤሌክትሪክ ይሠራሉ፤ ሙቀታቸውም ይቀንሳል። እ.ኤ.አ. በ2006 የወጣው የመጀመሪያው ፕሌይስቴሽን 3 ጨዋታ ሲካሄድበት ወደ 200 ዋት የሚጠጋ ይወስድ ነበር። በ2009 የወጣው ቀጭኑ ፕሌይስቴሽን 3 ግን ያንኑ ጨዋታ በግማሽ ያህል ኤሌክትሪክ አጫወተ። ስማቸው አንድ ሲሆን ፍጆታቸው እንደዚህ ተለያየ።

ሁለተኛው መንገድ በማይጫወቱበት ሰዓት የሚባክነውን ማስቀረት ነው። እ.ኤ.አ. በ2013 የወጣው ኤክስቦክስ ዋን «ጠፍቷል» ሲባል እንኳ የባለቤቱን የድምፅ ትእዛዝ ለመስማት ሲጠባበቅ 15 ዋት ገደማ ይወስድ ነበር። በቀን 20 ሰዓት እንደዚህ ቢቈይ በዓመት 109 ኪሎዋት ሰዓት ተኩል ያህል ይሆናል። ፈጽሞ በሚዘጋበት አኳኋን ቢቀመጥና ግማሽ ዋት ብቻ ቢወስድ ግን 4 ኪሎዋት ሰዓት እንኳ አይሞላም። ቤተሰቡ ሲተኛ ቆጣሪው አይተኛም ማለት ይህ ነው።

በአውሮፓ ሶኒ፥ ማይክሮሶፍትና ኒንቴንዶ የተስማሙበትን የውዴታ ደንብ የአውሮፓ ኮሚሽን እ.ኤ.አ. በ2015 ተቀብሎታል። ደንቡ መሣሪያው ሥራ ሲፈታ በራሱ እንዲዘጋና ፊልም ሲታይበት ከተወሰነ ዋት እንዳያልፍ ያዛል፤ ለጨዋታው ሰዓት ግን ወሰን አላደረገም። ማይክሮሶፍትም እ.ኤ.አ. በ2023 አዳዲሶቹ ኤክስቦክሶች ፈጽሞ የሚዘጉበትን አኳኋን እንዲይዙ አደረገ። ገዢው በዚህ ምክንያት ሲከፍት ጥቂት ሰከንዶች መጠበቅ ይኖርበታል።

እንግዲህ ከነጋዴው የሚጠበቀው የሚከተለው ነው።

1ኛ/ አስመጪው፥ በተለይ ያገለገለ ዕቃ የሚያስመጣ፥ የመሣሪያውን ስም ብቻ ሳይሆን የሞዴሉን ቍጥር ጠይቆ ይዘዝ።

2ኛ/ ባለሱቁ ዕቃውን ለደንበኛው ሲያሳይ የኤሌክትሪክ ቍጠባውን ክፍል ከፍቶ ያስተካክልለት፤ ሥራው የደቂቃዎች ነው።

3ኛ/ ለፊልም ብቻ የሚፈልገው ደንበኛ ቢመጣ ለዚያ የተሠራችው ትንሽ ሳጥን በብዙ እጥፍ ያነሰ ኤሌክትሪክ እንደምትወስድ ይንገረው።

4ኛ/ ብዙ መሣሪያ ደርድረው የሚያጫውቱ የጌም ቤቶች ማታ ሲዘጉ አስቀድመው እያንዳንዱን መሣሪያ በሥርዐቱ ያጥፉ፤ ከዚያ በኋላ ከሶኬቱ ይንቀሉ። ሳያጠፉ መንቀል የተመዘገበውን ጨዋታ ሊያበላሽ ይችላል።

ይህን ምክር የሚሰጥ ነጋዴ ምናልባት በዚያን ቀን ትርፉ አይጨምር ይሆናል። ነገር ግን የኤሌክትሪክ ሒሳቡ ሲመጣ ያልደነገጠ ደንበኛ ሌላ ዕቃ ሲያስፈልገው የሚመለሰው ወደዚያው ሱቅ ነው።