ልጅዎ «የተራራ ብስክሌት ልወዳደር» ቢልዎስ?

ጌጃ ሰፈር ተራራ የለውም። ከሜክሲኮ ወይም ከልደታ ወደ ሰፈሩ የሚገባ ሰው የሚያየው ቤት፣ ሱቅ፣ መኪናና ሕዝብ ነው። ይሁን እንጂ ከፍ ካለ ፎቅ ላይ ሆኖ ወደ ሰሜን ለሚመለከት ልጅ እንጦጦ ሩቅ አይደለም። ኳስ የሚጫወትበት ሜዳ የጠበበው ታዳጊ በማውንቴን ብስክሌት ጫካ ለጫካ መንዳት ቢመኝ፣ አልፎም «ዘንድሮ ልወዳደር» ቢል አይገርምም። ጥያቄው ቤት ሲደርስ አባት ስለ ገንዘቡ፣ እናት ስለ ትምህርቱ፣ አያት ስለ መኪና አደጋው ያስባሉ። ሦስቱም እውነት አላቸው። ደግነቱ ሦስቱንም ሥጋት በአንድ ላይ የሚያቀል ነገር አለ፤ እሱም የዓመቱን ዕቅድ ከልጁ ጋር ቁጭ ብሎ ማውጣት ነው።

ብስክሌት ለአገራችን እንግዳ ስፖርት አይደለም። ኢትዮጵያ በ1949 ዓ.ም. በሜልቦርን ኦሊምፒክ ለመጀመሪያ ጊዜ ስትሳተፍ፣ ከሯጮቹ ጋር እነ ገረመው ደንቦባ ያሉበት የብስክሌት ቡድንም ተጉዞ ነበር። በ2008 ዓ.ም. ደግሞ የመቀሌው ልጅ ጽጋቡ ግርማይ በቱር ደ ፍራንስ የተሳተፈ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሆኗል። እነዚህ የታወቁት በአስፋልት ላይ በሚነዳው በኮርስ ብስክሌት ነው። ማውንቴን ግን ሌላ ጠባይ አለው።

የተራራ ብስክሌት አገር አቋራጭ ውድድር ከ1988ቱ የአትላንታ ኦሊምፒክ ጀምሮ የኦሊምፒክ ስፖርት ነው። ተወዳዳሪዎች አብዛኛውን ጊዜ ከ4 እስከ 6 ኪሎ ሜትር የሚሆን አቀበት፣ ቁልቁለት፣ ድንጋይና ሥራሥር ያለበትን ዙር ደጋግመው ይነዳሉ። በዓለም አቀፍ ደረጃ የ17 እና የ18 ዓመት ወጣቶች ውድድር ከአንድ ሰዓት ብዙም አያልፍም፤ የአዋቂዎቹ ደግሞ አንድ ሰዓት ተኩል ገደማ ነው። ሁሉም በአንድ ጊዜ ስለሚነሱና መንገዱ ወዲያው ስለሚጠብ፣ ጉልበት ብቻውን አያሸንፍም። ፈጥኖ መነሳት፣ አቀበት መቻልና ቁልቁለት በብልሃት መውረድ እኩል ያስፈልጋሉ። ስለዚህ ልምምዱም ሦስቱን ማዳረስ አለበት።

ከመጨረሻው መጀመር

ዕቅድ የሚወጣው ከዋናው ውድድር ወደ ኋላ እየተቆጠረ ነው። በቅድሚያ የዓመቱን መርሐ ግብር ከክለቡ ወይም ከብስክሌት ፌዴሬሽኑ መጠየቅ ያስፈልጋል። ከተገኙት ውድድሮች ውስጥ አንድ ወይም ቢበዛ ሁለት «ዋና» ተብለው ይመረጣሉ፤ ሌሎቹ መለማመጃ ይሆናሉ። ልጆች ብዙ ጊዜ የሚሰበሩት እዚህ ላይ ነው። የተጠራበት ሁሉ ላይ የሚሰለፍ ታዳጊ ሰውነቱ የሚያገግምበት ጊዜ ያጣል። «ይኼኛው ይቅርብህ» ማለት የወላጅ ድርሻ ነው።

ዋናው ውድድር ሚያዝያ መጨረሻ ላይ ይውላል እንበል። ጥቅምትና ኅዳር መሠረት የሚጣልባቸው ወራት ናቸው፤ ልጁ ሳይጣደፍ ረዘም አድርጎ ይነዳል። መለኪያው ቀላል ነው፤ እየነዳ ዓረፍተ ነገር ጨርሶ ማውራት ከቻለ ልኩ ነው። በታኅሣሥና በጥር አቀበትና የቁልቁለት ብልሃት ይጨመራሉ። በየካቲትና በመጋቢት አጫጭር ፈጣን ልምምዶችና አንድ ሁለት አነስተኛ ውድድሮች ይገባሉ። ውድድሩ አንድ ሁለት ሳምንት ሲቀረው የልምምዱ ርዝመት ይቀነሳል፤ ፍጥነቱ ግን ጨርሶ አይተውም። ግንቦትና ሰኔ የፈተና ጊዜ ስለሆኑ፣ በተለይ 8ኛ ወይም 12ኛ ክፍል ላለ ልጅ፣ ብስክሌቱ አእምሮ ማሳረፊያ ብቻ ይሁን። በሐምሌና በነሐሴ ዝናቡና ጭቃው ራሱ «ዕረፍ» ይላል። የሕፃናት ሐኪሞችም በማደግ ላይ ያለ ልጅ ከአንድ ስፖርት በዓመት ከሁለት እስከ ሦስት ወር እንዲያርፍ ይመክራሉ።

ሳምንቱ ምን ይመስላል?

ለ15 ዓመት ተማሪ በሳምንት አምስት ወይም ስድስት ሰዓት ይበቃል። ሰኞና ዓርብ ዕረፍት ናቸው። ማክሰኞ ለአንድ ሰዓት በቀላሉ ይነዳል። ረቡዕ ቤት ውስጥ ለ20 ደቂቃ ቁጢጥ ብሎ በመነሳትና በፑሽ አፕ ሰውነቱን ያጠነክራል። ሐሙስ ከበድ ያለው ቀን ነው፤ የሦስት ደቂቃ አቀበት አምስት ጊዜ ይወጣል፣ በየመሐሉ ቀስ ብሎ እየወረደ ትንፋሹን ይሰበስባል። ቅዳሜ ሁለት ሰዓት ያህል በጫካ መንገድ ይነዳል። እሁድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ለአንድ ሰዓት ብልሃት ይለማመዳል፤ አርቆ ማየት፣ ፍሬን ከመጠምዘዣው በፊት መያዝ፣ ቁልቁለት ላይ ከኮርቻው ተነስቶ ሁለቱን ፔዳል እኩል አድርጎ መቆም። ሦስት ሳምንት እየጨመረ ሄዶ አራተኛውን ያቀለዋል።

ቦታውን በተመለከተ፣ በ2013 ዓ.ም. መግቢያ የተመረቀው እንጦጦ ፓርክ የብስክሌት መንገዶች አሉት። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ ላይ ስትሆን እንጦጦ 3,000 ሜትርን ያልፋል። እዚያ ላይ አየሩ ስለሚሳሳ ልብ ቶሎ ይመታል፤ ስለዚህ የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት በዝግታ ይሁኑ።

የማያስቸኩሉ ምልክቶች

ልጁ ጠዋት ከመኝታው ሳይነሳ የልብ ምቱን ለአንድ ደቂቃ ቆጥሮ ደብተር ላይ ይጻፍ። ለተከታታይ ቀናት ከወትሮው በግልጽ ከፍ ካለ፣ እንቅልፍ እምቢ ካለው፣ ከተነጫነጨ ወይም ምግብ ካስጠላው ዕረፍት ጎድሎታል ማለት ነው። በዚህ ዕድሜ በሌሊት ከ8 እስከ 10 ሰዓት መተኛት ይገባዋል። ከጉልበቱ ሥር የሚያመው ከሆነ «ያልፋል» ተብሎ አይነዳም። አጥንቱ በፍጥነት በሚያድግበት ጊዜ ይህ ሕመም የተለመደ ስለሆነ ያርፍ፣ ካልተሻለውም ሐኪም ይየው።

ጾሙንስ እንዴት ያድርግ?

የካቲትና መጋቢት ዐቢይ ጾም የሚውልባቸው ወራት ናቸው፤ ልምምዱ የሚከብደውም ያኔ ነው። የጾም ምግብ በራሱ ችግር የለበትም። ሽሮ፣ ምስር፣ ባቄላ፣ ጤፍ እንጀራ፣ ጎመን፣ ቆሎና በሶ ለብስክሌተኛ ጥሩ ስንቅ ናቸው። የሚጎዳው ባዶ ሆድ ይዞ ከባድ ልምምድ መሥራት ነው። እስከ 9 ሰዓት የሚጾም ልጅ የሐሙሱን አቀበት ከተመገበ ሁለት ሰዓት በኋላ ይውጣ፤ ጠዋት ላይ ከሆነ ቀለል ያለውን ብቻ ይንዳ። በረመዳን የሚጾምም ከባዱን ልምምድ ወደ ማፍጠሪያው ያስጠጋ ወይም ያስተላልፍ። የአጿጿሙን ነገር ከንስሐ አባት ወይም ከሃይማኖት አባት ጋር ተነጋግሮ መወሰን ለልጁም ለቤተሰቡም ኅሊና ዕረፍት ይሰጣል።

ከቤት እስከ ጫካ

እውነቱን ለመናገር፣ ከውድድሩ ይልቅ የሚያሰጋው ከሰፈር እስከ ተራራው ያለው መንገድ ነው። ከጌጃ ሰፈር በሜክሲኮ፣ በፒያሳና በስድስት ኪሎ አድርጎ ሽሮ ሜዳ ለመድረስ ከሚኒባስና ከከባድ መኪና ጋር መጋፋት አለ። ብስክሌቱን በመኪና ጭኖ መውሰድ ካልተቻለ መኪና ሳይበዛ በማለዳ፣ ከትልቅ ሰው ጋር ወይም በቡድን መሄድ ይሻላል። የራስ ቁር ያላደረገ ልጅ ከግቢ አይወጣም፤ ይህ ሕግ ልመናም እንባም አይቀይረውም።

ያገለገለ ብስክሌት መግዛት አያሳፍርም። በቅድሚያ ቁመቱ ይታይ፤ ልጁ ቆሞ ሲያንፈራጥጠው ብረቱ አካሉን መንካት የለበትም። ኮርቻው ላይ ተቀምጦ ተረከዙን ታች ባለው ፔዳል ላይ ሲያሳርፍ እግሩ ቀጥ ካለ የኮርቻው ከፍታ ልክ ነው። ልጁ እያደገ ስለሆነ በየሦስት ወሩ ደግመው ይለኩት። የብየዳ ስንጥቅ፣ የሚወላገድ ጎማ፣ የላላ ፍሬንና ያለቀ ካቴና ካለው ዋጋው ቢረክስም ይቅር። በጀት ሲያዝም ከመግዣው ሌላ ለፍሬን ጎማ፣ ለካቴናና ለመጓጓዣ የሚሆን ይቀመጥ።

ለአያቶች የቀረ አንድ ሥራ አለ። የልምምዱን ሰሌዳ ግድግዳ ላይ ሰቅሎ በየቀኑ ምልክት ማድረግን የመሰለ ከልጅ ልጅ ጋር የሚያቀራርብ ነገር የለም። «ዛሬ ዕረፍት ነው፣ ተኛ» የሚለው ቃል ከአያት አፍ ሲወጣ የበለጠ ይሰማል። ከውድድር ሲመለስም «ስንተኛ ወጣህ?» ከማለት በፊት «አቀበቱ እንዴት ነበር?» ይበሉት። ዘንድሮ መጨረሻ የወጣ ልጅ በመጪው ዓመት ጥቅምት ላይ ደግሞ ለመነሳት ልብ የሚያገኘው ከዚህ ዓይነቱ ጥያቄ ነው። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል።