የሕፃኑ ፎቶግራፍ በቀለም ወይስ በጥቁርና ነጭ?

ልጃቸው ክርስትና የተነሣላቸው ወላጆች ፎቶግራፍ ቤት ሲገቡ፥ አያቶች «በጥቁርና ነጭ ይሁን፤ እርሱ አይለቅም» ማለታቸው የታወቀ ነው። እውነትም አላቸው። የጥንቱ ጥቁርና ነጭ ሥዕል የብር ቅንጣት ስለሆነ በደንብ ከታጠበ ዕድሜው ረጅም ነው፤ በ1960ዎቹ የታተሙት ባለቀለሞች ግን ብዙዎቹ ቀልተዋል። ይሁን እንጂ የዛሬው ጥቁርና ነጭ አብዛኛውን ጊዜ የሚታተመው በዚያው በቀለም ማተሚያ ነውና፥ የብሩን ዕድሜ ከርሱ መጠበቅ አይገባም።

ስለዚህ እኛ በቀለም ይነሣ እንላለን። በቀለም የተነሣውን ወደ ጥቁርና ነጭ መለወጥ የደቂቃ ሥራ ነው፤ ቀለሙ ከመዝገቡ ከጠፋ በኋላ ግን የሕፃኑን ማተብና የእናቲቱን የነጠላ ጥለት በእርግጥ የሚመልስ የለም፤ መሣሪያው የሚቀባው ግምቱን ነው። ለግድግዳው ጥቁርና ነጩን መስቀል ይቻላል፤ ዓይንን ከልብሱ ወደ ፊቱ ይስባልና መልካም ነው። ዋናውን ባለቀለም ቅጂ ግን ወላጆች ከአንሺው ተቀብለው፥ ከስልክ ሌላ በሁለተኛ ስፍራ ያኑሩት።