ባዮሎጂን ከሌላ የትምህርት ዓይነት ጋር ስለ ማጣመር
(ለመምህራን ማሠልጠኛ ኮሌጆች ዋና ትምህርት የቀረበ ሐተታ)

ባዮሎጂ ከጎረቤቶቹ ሳይበደር የሚኖር የትምህርት ዓይነት አይደለም። ሕይወት ያላቸው ነገሮች ከምን እንደ ተሠሩ ሲያስረዳ የኬሚስትሪን ቋንቋ ይዋሳል፤ ስለ ደም ግፊትና ስለ ዓይን አሠራር ሲያብራራ ወደ ፊዚክስ ይዘልቃል፤ ስለ ውርስ ሲያጠና ያለ ሒሳብ አይራመድም፤ የዕፀዋትንና የእንስሳትን ሥርጭት ሲመረምር ደግሞ ከጂኦግራፊ ጋር ይገናኛል። ስለሆነም ባዮሎጂን በዋና ትምህርትነት የያዘ ሠልጣኝ ሁለተኛ ትምህርት አጣምሮ እንዲያጠና ማድረግ ተገቢ መሆኑ ብዙ አያከራክርም። አከራካሪው ጥምረቱ ከየትኛው ትምህርት ጋር፣ በምንስ ዓይነት አደረጃጀት ይፈጸም የሚለው ነው።

በ1986 ዓ.ም. የወጣውን የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ተከትሎ በተዘጋጀው ሥርዓተ ትምህርት በ5ኛና በ6ኛ ክፍል የተቀናጀ ሳይንስ ይሰጥ ነበር፤ ከ7ኛ ክፍል ጀምሮ ግን ባዮሎጂ፣ ኬሚስትሪና ፊዚክስ እየራሳቸው ተለይተው ይሰጡ ነበር። በ2010ዎቹ አጋማሽ ሥራ ላይ የዋለው ሥርዓተ ትምህርት የ7ኛንና የ8ኛን ክፍል ሳይንስ ጠቅላላ ሳይንስ በሚል ስም አንድ አድርጎታል። በዚህም ምክንያት ባዮሎጂን ብቻ ተምሮ የወጣ መምህር ስለ ሴል ያስተማረበትን መጽሐፍ ገጽ ገልጦ ስለ አሲድና ቤዝ፣ ቀጥሎም ስለ ኃይልና እንቅስቃሴ ማስተማር ይገደዳል። መምህሩ የማያውቀውን ምዕራፍ በማስታወሻ አስገልብጦ ሲያልፈው የሚጎዳው ተማሪው ነው፤ ጉዳቱም የሚታወቀው ከሁለትና ከሦስት ዓመት በኋላ በሌላ ትምህርት ቤት፣ በሌላ መምህር ፊት ነው።

ጎን ለጎን መቀመጥና መጣመር

በአንድ ሠልጣኝ የውጤት መግለጫ ላይ ሁለት ትምህርቶች ተጽፈው መገኘታቸው ብቻውን ጥምረት አያሰኛቸውም። የባዮሎጂ ክፍል የራሱን ኮርሶች፣ የኬሚስትሪ ክፍልም የራሱን ሰጥተው ቢለያዩ፣ ሠልጣኙ ሁለቱን ማገናኘት የራሱ ዕዳ ሆኖ ይቀራል። እንዲያውም ሁለቱ ክፍሎች የሚቃረን ነገር ሊያስተምሩት ይችላሉ።

ለዚህ ጥሩ ምሳሌ የሚሆነው ኤቲፒ ነው። በብዙ የባዮሎጂ መማሪያዎች ኤቲፒ ጉልበት በትስስሩ ውስጥ የሚያከማች፣ ትስስሩ ሲበጠስም ጉልበት የሚለቅ ሞለኪውል ተደርጎ ይገለጻል። ይኸው ሠልጣኝ ወደ ኬሚስትሪ ክፍል ሲገባ ማናቸውም ኬሚካዊ ትስስር እንዲበጠስ ጉልበት እንደሚፈልግ፣ ጉልበት የሚለቀቀውም አዲስ ትስስር ሲፈጠር እንደ ሆነ ይነገረዋል። ትክክሉ የኬሚስትሪው አገላለጽ ነው። ኤቲፒ ከውሃ ጋር ተዋሕዶ ሲከፈል አንድ ትስስር ለመበጠስ ጉልበት ይወጣል፤ ነገር ግን በምትኩ የሚፈጠሩት ትስስሮችና የውጤቶቹ በውሃ ሞለኪውል መከበብ ከወጪው የሚበልጥ ጉልበት ስለሚለቁ፣ ሒሳቡ ሲተሳሰብ በመደበኛ ሁኔታ በአንድ ሞል 30 ኪሎጁል ያህል ይተርፋል። ሴሉ የሚሠራበት በዚህ ትርፍ ነው። ይህን የሚያስታርቅ ሰዓት በኮሌጁ ፕሮግራም ውስጥ ካልተመደበ ሠልጣኙ ለባዮሎጂ ፈተና አንዱን፣ ለኬሚስትሪ ፈተና ሌላውን መልስ ጽፎ ሁለቱንም ያልፋል፤ ነገም ሁለቱን እንደ ያዘ ክፍል ይገባል።

የቃላትም ጉዳይ ቀላል አይደለም። በአማርኛ በሚሰጥ ትምህርት ስለ ምግብ ሲነገር «ኃይል ሰጪ ምግቦች» ይባላል፤ በፊዚክስ ግን ኃይል ማለት ነገርን የሚገፋ ወይም የሚስብ ሲሆን እንጀራው የሚሰጠው ጉልበት ነው። ጠቅላላ ሳይንስን የሚያስተምር መምህር ሁለቱን ቃላት በአንድ ሳምንት ውስጥ ሊጠቀምባቸው ስለሚችል ልዩነቱን በኮሌጅ ሳለ ሊያውቀው ይገባል።

ከኬሚስትሪ ጋር

የኬሚስትሪን ተጣማሪነት ለማሳየት ከአገር ውስጥ ታሪክ የእንዶድ ምርምር ይበቃል። እ.ኤ.አ. በ1964 ዶክተር አክሊሉ ለማ በዐድዋ የብልሃርዚያን አስተላላፊ ቀንድ አውጣዎች ሲያጠኑ፣ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ ዝቅ ብሎ ባለው ወንዝ ውስጥ የሞቱ ቀንድ አውጣዎች በብዛት እንደሚገኙ አስተዋሉ። ይህ ምልከታ የባዮሎጂ ባለሙያ ምልከታ ነው። እንዶዱ ለምን ገደላቸው የሚለው ጥያቄ ግን ወደ ኬሚስትሪ ይወስዳል። ፍሬው ሳፖኒን የተባሉ ውሑዶች አሉት፤ የሳፖኒን ሞለኪውል አንዱ ጫፍ ውሃን፣ ሌላው ጫፍ ቅባትን ይወዳል። በልብስ ላይ ያለውን ቅባት ከውሃ ጋር የሚያስማማውና አረፋ የሚያወጣው ይህ ጠባዩ ነው፤ ቅባት አዘል የሆነውን የሴል ሽፋን የሚያናጋውም ይኸው ነው። ዓሣንም ስለሚገድል አጠቃቀሙ ጥንቃቄ ይሻል። ዶክተር አክሊሉና የሥራ ባልደረባቸው ዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ በዚህ ምርምር እ.ኤ.አ. በ1989 ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ዓለም አቀፍ ሽልማት ተቀብለዋል።

አንድ የ8ኛ ክፍል ተማሪ እናቱ ስለምታውቀው ፍሬ ሲማር የሴልን ሽፋን፣ የሳሙናን አሠራርና የበሽታን መተላለፍ በአንድ ትምህርት ሊይዝ ይችላል። መምህሩ ግን ሁለቱንም ወገን ማወቅ አለበት። ኬሚስትሪ ተቀዳሚ ተጣማሪ እንዲሆን የሚያስመርጠውም ይህ ነው፤ ፎቶሲንተሲስ፣ መተንፈስ፣ የምግብ መፈጨትና የአፈር ለምነት ያለ እርሱ በቃል ከመሸምደድ አያልፉም። ፊዚክስን በተመለከተ ለዚህ ደረጃ ጥቂት የተመረጡ ኮርሶች ይበቃሉ።

ከጂኦግራፊና ከሒሳብ ጋር

ጂኦግራፊ በልማድ ከኅብረተሰብ ሳይንስ ወገን ስለሚመደብ ለባዮሎጂ ተጣማሪነት እምብዛም አይታሰብም። ይህ ምደባ ከፍታና ቆላ በሕይወት ላይ ይህን ያህል ለሚወስኑባት አገር አይስማማም። እ.ኤ.አ. በ1958 በኢትዮጵያ የተነሣው የወባ ወረርሽኝ በተለይ ከ1,600 እስከ 2,150 ሜትር ከፍታ ያሉትን አካባቢዎች የመታ ሲሆን፣ በግምት 3 ሚሊዮን ሰዎች ታመው 150,000 ያህሉ ሞተዋል። ሕዝቡ ከበሽታው ጋር ብዙም ስላልተለማመደ መከላከያው ደካማ ነበር፤ የዚያ ዓመት ዝናብና ሙቀትም ከወትሮው የተለየ ነበር።

ሙቀት ይህን ያህል የሚወስነው ለምንድን ነው? ፋልሲፓረም የተባለው የወባ ተውሳክ በትንኟ ሆድ ውስጥ ለመብሰል የሚፈጅበት ቀን፣ 111ን ከሙቀቱ ዲግሪ 16 ተቀንሶ በሚቀረው በማካፈል ይገመታል። በ25 ዲግሪ 12 ቀን፣ በ20 ዲግሪ 28 ቀን፣ በ18 ዲግሪ 56 ቀን ያህል ይሆናል። እንግዲህ ለምሳሌ ያህል ከ10 ትንኞች 9ኙ በየቀኑ በሕይወት ይተርፋሉ ቢባል፣ ተውሳኩ እስኪበስል የሚቆዩት በ25 ዲግሪ ከ100 ውስጥ 28፣ በ20 ዲግሪ 5 ብቻ ናቸው፤ በ18 ዲግሪ ከ1,000 ውስጥ 3 ቢገኙ ነው። ከፍታ በ1,000 ሜትር ሲጨምር ሙቀት በ6.5 ዲግሪ ያህል ስለሚቀንስ፣ ከ25 ወደ 20 ዲግሪ ለመድረስ 770 ሜትር ያህል መውጣት ይበቃል። ቆላና ደጋ በሚለው ቃል ውስጥ ያለው ልዩነት በዚህ ስሌት ይታያል። ስሌቱ ከማካፈልና ከማባዛት ያለፈ ሒሳብ የማይጠይቅ ከመሆኑም በላይ የ8ኛ ክፍል ተማሪ ሊሠራው የሚችል ነው።

ሒሳብን የናቀ የባዮሎጂ ሥልጠና ሜንዴልን ማስተማር አይችልም። ሜንዴል እ.ኤ.አ. ከ1851 እስከ 1853 በቪየና ዩኒቨርሲቲ ፊዚክስንና ሒሳብን አጥንቶ ነበር። ከ7,324 የአተር ፍሬዎች 5,474 ክብ፣ 1,850 የተጨማደዱ መሆናቸውን ቆጥሮ 2.96 ለ 1 ከሚለው ውጤት በስተጀርባ 3 ለ 1 መኖሩን ያየው በዚያ ዓይን ነው። ከእርሱ በፊት ዕፀዋትን ያዳቀሉ ብዙዎች ነበሩ፤ ቆጠራውን በዚህ መንገድ የመረመሩት ግን ጥቂት ናቸው። ሒሳብ ሙሉ ተጣማሪ መሆኑ ለብዙ ሠልጣኞች ሊከብድ ስለሚችል፣ የስታቲስቲክስ ኮርስ በማናቸውም ጥምረት ውስጥ ግዴታ ቢሆን ይሻላል።

የጥምረቱ ዋጋ

ጥምረት ያለ ዋጋ አይገኝም። የሥልጠናው ዘመን ሳይጨምር ሁለተኛ ትምህርት ሲገባ ከባዮሎጂው አንድ ነገር መውጣቱ አይቀርም፤ ብዙውን ጊዜም መጀመሪያ የሚወጣው ተሽከርካሪና የመስክ አበል የሚጠይቀው የዕፀዋት ምደባና የመስክ ጥናት ነው። ይህ አሳሳቢ ነው። በአካባቢው ያለውን ዛፍ ለይቶ የማያውቅ መምህር ኬሚስትሪን ቢጨምር የጎደለውን አይሞላለትም። ሊቀነስ የሚገባው በ11ኛና በ12ኛ ክፍል የተማረውን የሚደግመው የመግቢያ ኮርስ ነው።

ሌላው ጉዳይ የኮርሶች ቅደም ተከተል ነው። የኦክሳይድና የሪዳክሽን ትምህርት ከፎቶሲንተሲስ በኋላ የሚሰጥ ከሆነ ሁለቱም ኮርሶች ቢሰጡም ጥቅማቸው ይጎድላል። በየዓመቱ ቢያንስ አንድ አገናኝ ኮርስ ተመድቦ ከሁለቱ ክፍሎች የተመረጡ መምህራን በጋራ ቢያስተምሩት፣ ፈተናውንም በጋራ አውጥተው ቢያርሙት ከላይ የተጠቀሰው የኤቲፒ ዓይነት ቅራኔ ይወገዳል። ዕቅድ አውጪዎች በተለይ ሊወስኑት የሚገባ አንድ ትንሽ የሚመስል ነገር አለ፤ ይኸውም የአገናኙ ኮርስ ክሬዲት ሰዓት በየትኛው ክፍል የሥራ ድርሻ ይቆጠራል የሚለው ነው። ለሁለቱም መምህራን ሙሉ በሙሉ ካልተቆጠረ ኮርሱ በመጀመሪያው የመምህር እጥረት ይታጠፋል።

የኮርሱ የመስክ ክፍል በአንድ ቀን ሊፈጸም ይችላል። ሠልጣኞች ከኮሌጁ ተነሥተው ወደ አንድ ወንዝ ሲወርዱ በየ200 ሜትሩ ከፍታውንና ሙቀቱን ይመዘግባሉ፤ በውሃው ዳር የትንኝ እጮችንና ቀንድ አውጣዎችን ይቆጥራሉ፤ የውሃውን አሲድነት በመለኪያ ወረቀት ያነባሉ፤ በመንገድ ያገኟቸውን ዕፀዋት ቅጠልና አበባ በጋዜጣ መካከል ያደርቃሉ። በማግሥቱ ቁጥሮቹ በሠንጠረዥ ላይ ይሰፍራሉ፤ ሁለቱም መምህራን ባሉበትም በአንድ ክፍል ውስጥ ይተነተናሉ።