ለእንቁላል ቅርፊትና ለኤሊ ድንጋይ የሚበጀው ኖራ የትኛው ነው?

ዶሮዋ ሲነኩት እንደ ብራና የሚለሰልስ እንቁላል ስትጥል ያየች ባለቤት፤ «አረጀች» ወይም «ዓይን በላት» ብላ ለቢላዋ ታዘጋጃታለች። የነገሩ ምክንያት ግን ብዙ ጊዜ ከዚህ የቀለለ ነው፤ ዶሮዋ የጎደላት ካልሲየም ነው። ካልሲየም በኖራ ድንጋይ፤ በአጥንትና በጥርስ ውስጥ የሚገኝ ማዕድን ነው።

የእንቁላል ቅርፊት ከመቶው 94 እጅ ያህሉ ካልሲየም ካርቦኔት ነው፤ ይኸውም የኖራ ድንጋይ የተሠራበት ነገር ማለት ነው። በአንድ ቅርፊት ውስጥ 2 ግራም ያህል ካልሲየም አለ። ዶሮዋ ይህን ከምትበላው ካላገኘች ከገዛ አጥንቷ ትበደራለች፤ ብድሩ ሳይከፈል ሲቀር እግሯ ይዝላል፤ አጥንቷም በቀላሉ ይሰበራል። እህል በፎስፎረስ እንጂ በካልሲየም የበለጸገ ስላልኾነ፤ ማሽላና ገብስ ብቻ ለቅማ የምትውል ዶሮ ዕዳዋን ልትከፍል አትችልም።

ይህ የዶሮ ብቻ ችግር አይደለም። በግቢ ውስጥ የምትያዝ ኤሊም ድንጋይ የምንለው ልብሷ ከሥሩ አጥንት ነው። ዳቦና ፍርፋሪ እየበላች በጓዳ የምትኖር ኤሊ ልብሷ ይለሰልሳል፤ ይጣመማል፤ በመጨረሻም መራመድ ያቅታታል። በዱር ያለችው ግን መድኃኒቷን ታውቃለች። ባለ ነጠብጣቧ የአፍሪካ የየብስ ኤሊ የወደቀ አጥንት ስትግጥ፤ የነጣ የጅብ ኩስም ስትበላ ታይታለች። የጅብ ኩስ የሚነጣው ጅቡ ከበላው አጥንት የተነሣ ነውና።

እንግዲህ ካልሲየም ይሰጥ ሲባል የትኛው ነው የሚሰጠው? ከሦስት ስሕተቶች መጠንቀቅ ያስፈልጋል።

አንደኛው ጨውን እንደ ካልሲየም መቍጠር ነው። ሰቆጣ ከአፋር ቆላ በሚወጣው አሞሌ ንግድ ከጥንት ጀምሮ የታወቀች ገበያ ናት፤ ጨውም ለከብት ይጠቅማል። ነገር ግን አሞሌ ሶዲየምን እንጂ ካልሲየምን አይተካም፤ ዶሮ ሲበዛባት ደግሞ ይገድላታል። ሁለተኛው ግድግዳ የሚቀባበትን የተቃጠለ ኖራ መስጠት ነው። ጥሬው የኖራ ድንጋይ ተፈጭቶ ቢሰጥ መልካም ሲኾን፤ በእሳት የተቃጠለው ግን አፍንና አንጀትን ያቈስላል። ሦስተኛው በሜዳ የተገኘ ጥሬ አጥንት መፍጨት ነው። በአባ ሰንጋ የሞተ ከብት አጥንት በሽታውን ለብዙ ዓመት ይዞ ሊቈይ ስለሚችል፤ ምን እንደ ገደለው ያልታወቀ ከብት አጥንት ፈጽሞ አይነካም።

ደኅናው መንገድ ከማጀት አይርቅም። የእንቁላሉን ቅርፊት አጥቦ በምጣድ ላይ ማመስ፤ ከዚያም ደኅና አድርጎ መውቀጥ ነው። ሳይወቀጥ ከተሰጠ ዶሮዋ የራሷን እንቁላል ሰብራ መብላት ትለምዳለች። የተወቀጠው ከእህሉ ጋር ሳይደባለቅ በሌላ ዕቃ ይቀርብላታል፤ የምትጥለዋ ዶሮ የሚበቃትን ያህል ራሷ ትወስዳለች። የምትጥል ዶሮ ከመኖዋ ከመቶ 3.5 እስከ 4 እጅ ካልሲየም ትፈልጋለች፤ ለጫጩት ግን 1 እጅ ያህል ይበቃል። ከዚያ የበለጠው ኵላሊቱን ይጎዳዋልና ዕቃው ከጫጩት ይራቅ።

ለኤሊ ደግሞ ከዚሁ ዱቄት በሳምንት ሁለት ሦስት ጊዜ ቍንጥር አድርጎ በጎመን ላይ መነስነስ ነው። ቆስጣ ባይዘወተር ይሻላል፤ በውስጡ ያለው ኦክሳሊክ አሲድ ካልሲየሙን አስሮ ይዞ ያስቀረዋል። ለሰው የተሠራ ክኒን በግምት መስጠትም አይገባም።

ይህ ኹሉ ቢደረግ ፀሐይ ከሌለ ድካሙ ከንቱ ነው። ካልሲየምን ከአንጀት ወደ ደም የሚያሻግረው ቪታሚን ዲ ነው፤ እርሱም ፀሐይ ቆዳን ስትነካ ይፈጠራል። በመስተዋት ውስጥ የሚገባው ብርሃን ለዚህ አይጠቅምም። ሰቆጣ ከባሕር ወለል ከ2,200 ሜትር በላይ ከፍ ያለች ናትና ፀሐይዋ ብርቱ ናት፤ ሌሊቷ ግን ይበርዳል። ኤሊም ሰውነቷ ካልሞቀ የበላችውን አትፈጭም። ስለዚህ ቀን ፀሐይና ጥላ፤ ሌሊት ሙቅ ማደሪያ ያስፈልጋታል። ከዱር ያለ ፈቃድ ኤሊ ማንሣት በሕግ የተከለከለ መኾኑም አይዘንጋ።

ወጣት አንባቢ ሆይ፤ ነገሩ ትንሽ መስሎ አይታይህ። በ2007 ዓ.ም. መንግሥት የሕፃናትን መቀንጨር ለማጥፋት የገባው ቃል በዚህችው ከተማ ስም «የሰቆጣ ቃል ኪዳን» ተብሏል። ቃሉ ከጽሕፈት ቤት ወጥቶ ከሕፃኑ ማዕድ የሚደርሰው በእንዲህ ያለ መንገድ ጭምር ነው። አምስት ዶሮ ላላት የዋግ እናት የማይሰበር እንቁላል ለልጇ ምግብ፤ ለቤቷም የጨው መግዣ ነው። ወደ ገጠር ለሥራ ስትወጣ ወይም ለዕረፍት ወደ ቤተ ሰብህ ስትመለስ፤ የሚጣለው ቅርፊት ወዴት እንደሚሄድ ጠይቅ፤ ምጣዱና ሙቀጫው እዚያው አሉ።