የቅኔው ጉባኤና የዛሬው ክፍል

ሐዲስ ዓለማየሁ በወጣትነታቸው በተማሩበትና በኋላም በ1958 ዓ.ም. በታተመው በ«ፍቅር እስከ መቃብር» ስሙን ባስጠሩት፣ ከብቸና በማይርቀው በዲማ ጊዮርጊስ የቅኔ ጉባኤ፣ ደበሎ ለብሶ አኮፋዳ አንግቶ ከሩቅ አገር የመጣ ብላቴና ከነባሮቹ ጋራ ጎጆ ተጋርቶ፣ ከየደጁ የተለመነውን ቁራሽ በአንድነት ቀምሶ ስለሚያድር፣ ትምህርት ሳይጀምር ማኅበርተኛ ይሆናል። (ረኃቡንና የውሻውን ንክሻ የቀመሰ ሰው ሁሉን አመስግኑ አይለንም።) ቀን በዛፍ ጥላ ሥር ብቻውን ሲያወጣ ሲያወርድ የዋለውን ቅኔ በየኔታ ፊት ከማቅረቡ አስቀድሞ የሚነግረው ለአስነጋሪው ነው፤ አስነጋሪውም ራሱ ገና ደቀ መዝሙር ስለ ሆነ፣ ባለ 2 ቤቱን ጉባኤ ቃና ከሚንተባተበው ጀማሪ እስከ ባለ 8 ቤቱ መወድስ ባለቤት ድረስ ያለው ሁሉ፣ ከላዩ እየተቀበለ ለታችኛው ይሰጣል።

ይህ ወንድማማችነት ለአእምሮ ምን ይረባል ለሚል፣ ጂን ትዌንጂ፣ ሮይ ባውማይስተርና ክሪስቶፈር ነስ በ2002 እ.ኤ.አ. ያወጡት ጥናት መልስ ይሰጠዋል። ተመራማሪዎቹ የጠባይ መመርመሪያ ውጤት ነው ብለው ለአንዳንዶቹ ተማሪዎች «ወደ ፊት ብቸኛ ሆናችሁ ትኖራላችሁ»፣ ለሌሎቹ ደግሞ «አደጋ ይበዛባችኋል» ባሏቸው ጊዜ፣ ብቸኝነት የተነገረባቸው በቃል የያዙትን ቀላል ነገር መድገም ባይሳናቸውም፣ ማመዛዘን የሚጠይቀውን ሲፈተኑ አደጋ ከተተነበየባቸው እንኳ አነሱ። ስለዚህ ብቸኛው ልጅ ንባቡን ያጠና ይሆናል፤ የሚያመልጠው ምሥጢሩ ነው።

ከገጠር መጥቶ በሞጣ ወይም በብቸና ቤት ተከራይቶ፣ የሳምንት ስንቁን ድርቆሽ ተሸክሞ የሚማረው የ9ኛ ክፍል ተማሪ ኑሮው ከቆሎ ተማሪው ብዙ አይርቅም፤ የጎደለው የሚቀበለው ጉባኤ ነው። «አንድ ለአምስት» የተባለው አደረጃጀት ይህን ይሞላል ተብሎ ነበር፤ ነገር ግን በእኔ አስተያየት አንዱ ጎበዝ ዘወትር ሰጪ፣ የቀሩት ዘወትር ተቀባይ የሆኑበት ሥርዓት ወዳጅነትን ሳይሆን ባለዕዳነትን ያስተምራል።

የተሻለውን መንገድ የሥነ ልቡና ተመራማሪው ኤሊየት አሮንሰን በ1971 እ.ኤ.አ. በቴክሳስ በኦስቲን ከተማ፣ ጥቁርና ነጭ ልጆች በአንድ ክፍል መማር ጀምረው ጠብ በበዛበት ወራት ፈትኖታል። ብልሃቱ ትምህርቱን ከፋፍሎ ለእያንዳንዱ የቡድን አባል ሌላው የሌለውን ድርሻ መስጠት ነው። የደም ዝውውርን የሚያስተምር የሞጣ መምህር ለአንዱ ልብን፣ ለአንዱ ቧንቧዎቹን፣ ለአንዱ ሳንባን፣ ለአንዱ የደም ሕዋሳትን ቢያድል፣ ተመሳሳይ ድርሻ የደረሳቸው ከየቡድኑ ወጥተው በአንድነት ከተመካከሩ በኋላ ተመልሰው ጓደኞቻቸውን ያስተምራሉ፤ ያን ጊዜ ዓይናፋሩ የገጠር ልጅ አፉን ካልከፈተ የሁሉም ትምህርት ስለሚጎድል፣ ይስቁበት የነበሩት ሳይቀሩ ጆሯቸውን ይሰጡታል፤ ጠይቀው ያናግሩታልም። በአጨዳ ወራትና በገበያ ቀን የሚቀር ተማሪ ስለማይጠፋ ግን፣ እያንዳንዱን ድርሻ ለሁለት ልጆች መስጠት ይገባል።