ኢንተርንሺፕ ብሎ ብር የሚጠይቃችሁ ካለ ዝለሉት፦ የምርምር ኢንተርንሺፕ ለፍሬሽ ተማሪዎች

ክረምት ላይ ከዩኒቨርሲቲ ወደ ወረታ የሚመለስ የአንደኛ ዓመት ተማሪ ሁለት ነገር ይጠብቀዋል፦ የቤተሰብ የሩዝ አረምና ስልኩ። ስልኩ ላይ ደግሞ «ውጭ አገር ኢንተርንሺፕ፣ ለምዝገባ ብር ላኩ» የሚል ማስታወቂያ አይጠፋም። እስኪ ነገሩን ከሥሩ እንየው።

ምንድነው?
ተማሪው ለተወሰኑ ሳምንታት አንድ መምህር ወይም ተመራማሪ ሥር ሆኖ እውነተኛ ጥናት ላይ ይሠራል። ናሙና ይሰበስባል፣ ይለካል፣ ይመዘግባል፣ በመጨረሻ ያገኘውን ያቀርባል። ለምን ይከፈለዋል? ክረምቱን ሠርቶ ቤተሰብ የሚያግዝ ልጅ ዕድሉ እንዳያመልጠው ነው። አበል ከሌለ ዕድሉ የባለ ገንዘብ ልጅ ብቻ ይሆናል።

ውጭ አገርስ?
በጣም የታወቀው የአሜሪካ ብሔራዊ ሳይንስ ፋውንዴሽን እ.ኤ.አ. በ1987 የጀመረው «አርኢዩ» ነው። ግን አበሉ ለአሜሪካ ዜጎችና ቋሚ ነዋሪዎች ነው። እዚያ ያለችው የአክስታችሁ ልጅ ልታገኘው ትችላለች፣ እናንተ አታገኙትም። ለእኛም ክፍት ከሆኑት አንዱ የሳዑዲው ካውስት ዩኒቨርሲቲ ነው፤ ወርሃዊ አበል፣ መኖሪያና የአውሮፕላን ቲኬት ይሰጣል። የሚቀበለው ግን ከሦስተኛ ዓመት ጀምሮ ነው።

ታዲያ እስከዚያ ምን ይደረግ?
እዚሁ ይጀመር። ወረታ ላይ የፎገራ ብሔራዊ የሩዝ ምርምርና ሥልጠና ማዕከል አለ። ባሕር ዳርና ደብረ ታቦር ዩኒቨርሲቲዎችም ቅርባችን ናቸው። ለፍሬሽ የተዘጋጀ አበል ይጠብቃችኋል እያልኩ አይደለም። የሚጠና ጥያቄ ግን ደጃችን ላይ ሞልቷል፦ ሩዝ ሊያብብ ሲል ብርድ ከመታው ለምን ፍሬ አይዝም? ርብና ጉማራ ሞልተው ማሳው ላይ ሲተኙ የትኛው ዝርያ ይቋቋማል? ከመፈልፈያ ቤት የሚወጣው የገለፈት ክምር ለምን ይውላል?

እንዴት ልጠይቅ?
1. ከምትማሩበት ዲፓርትመንት ምርምር ላይ ያለ አንድ መምህር ምረጡ። ማን እንደሆናችሁ፣ የትኛው ጥያቄ እንደሳባችሁና በሳምንት ስንት ሰዓት እንዳላችሁ በአምስት መስመር ጻፉላቸው።
2. ስለ አበል አትፈሩ። አንዳንድ የምርምር ፕሮጀክት ለመረጃ ሰብሳቢ በጀት ይይዛል። «ትራንስፖርትና ምሳ የሚሸፍን ነገር ይኖር ይሆን?» ብሎ መጠየቅ ነውር አይደለም።
3. የሠራችሁትን ሁሉ በቀን በቀኑ ደብተር ላይ መዝግቡ። ሦስተኛ ዓመት ላይ ስታመለክቱ ደብዳቤ የሚጽፍላችሁ ሥራችሁን ያየው መምህር ነው።

አንድ ነገር ያዙ፦ በእውነተኛ የምርምር ኢንተርንሺፕ ብሩ ከተቋሙ ወደ ተማሪው ነው የሚሄደው። ማመልከቻውም በተቋሙ በራሱ ድረ ገጽ ነው የሚሞላው። «ላስመርጥህ፣ መጀመሪያ ብር ላክ» ያላችሁ ሰው ካለ፣ የአባታችሁን የሩዝ ብር ነው እየጠየቀ ያለው።

ፍሬሽ ጓደኛ ያላችሁ ሼር አድርጉለት።