ለሙዚቃ ሲባል ፓኬጅ ከማሳደግ በፊት ራውተሩን ማየት ያዋጣል

በሽቦ አልባ ስፒከር ሙዚቃ የሚያዳምጡ የከተማ ነዋሪዎች ድምፁ ሲቆራረጥባቸው መጀመሪያ የሚቃጣቸው ወርሃዊ የኢንተርኔት ፓኬጃቸውን ማሳደግ፣ ያም ካልሠራ አንቴናው የበዛ ራውተር መግዛት ነው። ሁለቱም ወጪዎች ብዙ ጊዜ በከንቱ ይቀራሉ።

ሒሳቡ ቀላል ነው። በኢንተርኔት የሚተላለፍ ጥሩ ጥራት ያለው ሙዚቃ በሰከንድ 320 ኪሎ ቢት ይወስዳል። ሳይጨመቅ የሚተላለፍ የሲዲ ድምፅ እንኳ 1,411 ኪሎ ቢት ነው፤ አንድ ሜጋ ቢት ተኩል አይሞላም። ባለ 10 ሜጋ ቢት መስመር ያስገባ ቤት ለሙዚቃ ብቻ ብሎ ተጨማሪ ፍጥነት የሚገዛበት ምክንያት የለም። ዘፈኖቹ በራሱ ኮምፒውተር ላይ ካሉ ደግሞ ድምፁ ከኮምፒውተሩ ወደ ራውተሩ፣ ከራውተሩም ወደ ስፒከሩ ይሄዳል እንጂ ከቤት ስለማይወጣ ፓኬጁን ጨርሶ አይነካም።

ችግሩ ያለው በዚሁ የቤት ውስጥ ጉዞ ላይ ነው። ራውተሩ አብዛኛውን ጊዜ መስመሩ በገባበት ጥግ ወይም ከቴሌቪዥኑ ጀርባ ይቀራል። ከዚያ መኝታ ቤት ለመድረስ ሞገዱ ሁለትና ሦስት የብሎኬት ግድግዳ፣ ቤቱ ፎቅ ከሆነም ብረት የበዛበትን ሶሌታ ማለፍ አለበት። የ5 ጊጋ ኸርዙ ሞገድ ፈጣን ቢሆንም ግድግዳ ቶሎ ያዳክመዋል። የ2.4 ጊጋ ኸርዙ የተሻለ ይሻገራል፤ ነገር ግን ብሉቱዝና ማይክሮዌቭ ምድጃም እዚያው ላይ ናቸው፣ በኮንዶሚኒየም ደግሞ የጎረቤት ራውተር ሁሉ ይጋፋበታል። ስለዚህ ራውተሩን ወደ ቤቱ መሐል፣ ከፍ ወዳለ ቦታ ማምጣት፣ ቻናሉንም እርስ በርስ ከማይደራረቡት ከ1፣ ከ6 እና ከ11 መካከል ጭንቅንቅ ወደሌለበት ማዛወር ይገባል።

ገዢን በብዛት የሚያሳስተው ግን ሁለተኛው ራውተር ነው። ከገበያ የተገዛው ከመጀመሪያው ኋላ ይቀጠልና ሁለቱም እንደ ራውተር ሲሠሩ ቤቱ ሁለት ኔትወርክ ይኖረዋል። ስልኩ በአንዱ፣ ስፒከሩ በሌላው ከተያያዘ ስልኩ ስፒከሩን ፈልጎ ያጣዋል፤ ባለቤቱም ደህናውን ዕቃ ተበላሽቷል ብሎ ለሻጩ ይመልሳል። መፍትሔው ሁለተኛውን ራውተር ከማስተካከያ ገጹ ገብቶ «አክሰስ ፖይንት» በሚለው ማሠራት ነው። ዕቃው ይህ ምርጫ እንዳለው ከመክፈል በፊት መጠየቅ ይበጃል፤ ሻጩ በራሱ አያነሳውም። ለእንግዳ የሚከፈተው ዋይፋይም አብዛኛውን ጊዜ መሣሪያዎች እንዳይተያዩ የሚያደርግ በመሆኑ ለስፒከር አይሆንም።

ገንዘብ ከማውጣት በፊት ስፒከሩን ለአንድ ምሽት ራውተሩ አጠገብ አስቀምጦ መሞከር ይቻላል። እዚያ ድምፁ ካልተቆራረጠ ጥፋቱ የግድግዳው ስለሆነ በኬብል የሚገናኝ አንድ ርካሽ አክሰስ ፖይንት ይበቃል። እዚያም ከተቆራረጠ፣ የመስመሩ ጉዳይ የሚነሳው ያን ጊዜ ነው።